ናስ የሚያስታውሰው

«ፕሬስ ልገዛ ነው ጋሼ» አለኝ የአክስቴ ልጅ ከኮሎራዶ ደውሎ። ጋዜጣ ሊያቋቁም መስሎኝ ደነገጥሁ። ጋዜጣ ካቋቋሙ ወዳጆቼ መካከል ከዕዳና ከኩርፊያ በቀር ያተረፈ አላየሁምና «ተው ልጄ፣ ገንዘብህን ያዝ» ማለት ጀምሬ ነበር።

«ኧረ የጥይት ነው! የተተኮሰ ቀለህ መልሶ የሚሞላ። እዚህ አዳኙ ሁሉ በየጋራዡ አለው። ሦስት ዓይነት ነው፤ የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

እኔ አይከል ነው የምኖረው። ከደጃፌ የሚታየኝ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ በማስተማር እንጂ ስለ ማሽን ምርጫ የምጠየቅ ሰው አይደለሁም። ልጁ ግን ያለ ነገር አልጠየቀኝም። «አባባ የውጅግራ ቀለህ ይሞሉ አልነበር?» አለኝ።

ይሞሉ ነበር ይባላል። በጣሊያን ጊዜ፣ ዝናሩ ሲራቆትና የሚያቀብል ሲጠፋ፣ አያታችን ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ቀለህ ሲሞሉ ያድሩ ነበር ብለው ያወሩልን ዘመዶች ነበሩ። እኔ ስደርስ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና ሲሠሩ አላየሁም። ያየሁት ትራፊውን ነው፤ እትዬ፣ ማለትም የዚህ ልጅ እናት፣ ኩላቸውን የሚያኖሩባቸውን ሁለት የናስ ቀለሆች። የተማርሁበት ትምህርት ቤት ደወልም ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመድፍ ቀለህ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመድፍ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለልጁ «ሳምንት ስጠኝ» አልሁት። በሳምንቱ ውስጥ የሚልክልኝን ሥዕልና ፊልም እያየሁ ነገሩ እየገባኝ፣ እየገባኝም ስሄድ ከማሽንነቱ እየወጣ ሄደ።

የተተኮሰች ቀለህ ባዶ ናት እንላለን። ባዶስ አይደለችም። የጥይት ናስ ከመቶ ሰባው እጅ መዳብ፣ ሠላሳው እጅ ዚንክ ነው፤ እሳቱ ሲነሣባት ትለጠጥና ጥይቷ ከምታድርበት የጠመንጃው ቤት ግድግዳ ጋር ትጣበቃለች። እሳቱ ሲበርድ ጥቂት ትሰበሰባለች፤ ወደ ጥንቱ ልኳ ግን አትመለስም። ስለዚህ ከአንድ ጠመንጃ የወጣች ቀለህ የዚያን ጠመንጃ ውስጥ መልክ ይዛ ትወጣለች። ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ የነበሩ መቶ ቀለሆች መቶ ሰው ሲተኩሳቸው መቶ ዓይነት ይሆናሉ። ናስ ያስታውሳል ማለት ነው።

ፕሬስ የሚባለው ይህን ትዝታ የሚጨፈልቅ ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የብረት ክንድ፣ የሚሳብ እጀታ፣ ከላዩም «ዳይ» የሚሉት ባለ ልክ ብረት አለው። እጀታው ሲሳብ ያበጠችው ቀለህ ወደ ብረቱ ትገባና ተጨምቃ ወደ መጀመሪያ ልኳ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድ፣ አዲስ አረር እየተጨመረ ጥይት ትሆናለች። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚቀርበው ስም «መጭመቂያ» ነው፤ እኛ ግን የምናውቀው የኑጉን ነው፣ ዘይት የሚያወጣውን። ይኼኛው መጭመቂያ የሚያወጣው መርሳትን ነው።

ዓይነቱ ሦስት ነው ያለኝ እንዲህ ነው። አንደኛው ባለ አንድ ቤት ነው፤ በአንድ ስበት አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። ሃምሳ ቀለህ ይዘህ ሃምሳውን ታስተካክላለህ፤ ብረቱን ትለውጥና እንደገና ከመጀመሪያዋ ትነሣለህ። በሰዓት ሃምሳ ያወጣ ሰው ጎበዝ ይባላል። ሁለተኛው ብረቶቹን በሚዞር ራስ ላይ አሰልፎ ይይዛልና ነቅሎ መትከልን ያስቀራል። ሦስተኛው ቀለሆቹን ራሳቸውን ከቤት ወደ ቤት ያዞራል፤ በእያንዳንዱ ስበት አንዲት ያለቀላት ጥይት ሣጥኑ ውስጥ ጠብ ትላለች፣ በሰዓት በመቶዎች። በዚህኛው የታወቀው ዲሎን የሚባል ስም ነው። በመጀመሪያው ደግሞ አርሲቢኤስ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ላይ የጀመረው። ስሙ የመጣው ሽኮኮን ከሚመስል የድንጋይ አውሬ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ሰውዬው መጀመሪያ የሠራው ያን አውሬ የሚያድኑበትን አረር የሚቀርጽ መሣሪያ ነበር። በሽኮኮ ስም የሚጠራ ማሽን የአባባን ሥራ ሲሠራ ማየት፣ እንግዲህ፣ የዘመን ቀልድ ነው።

የሦስቱም ግብ አንድ መሆኑን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ሁሉም የሚፈልጉት ጥይቶቹ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። አዳኙ ዛሬ የሞላት ጥይት ባለፈው ወር ከሞላት ካልተለየች እጁን ማመን ይችላል፤ ከተለየች ግን ተኩሶ ሲስት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም።

አንድ ዓይነትነት ለደጋው ሰው እንግዳ ነገር ነው። ከእንጀራ እንጀራ፣ ከበሬ በሬ፣ ከማሳ ማሳ ይለያል፤ ገበያችንም የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ አይቶ፣ ሻኛ ዳብሶ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር እንኳ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ እየተመታ ስንት ዘመን ሲመጣ፣ ባላገሩ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ጥይት ግን መጣችና ገበያ ገባች። የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ፣ «ውጅግራ» ተብሎ በአገሩ ከተሰራጨ በኋላ ጥይቱ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። አሞሌ ይሸረፋል፣ ዝናብ ያሟሟዋል። ጥይት ግን አንዷ ሌላዪቱን ናት። ባላገሩ በእጁ ከጨበጣቸው ነገሮች ሁሉ ፍጹም መንትያ የሆነችው የመጀመሪያዪቱ ዕቃ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ለዚህም ነው ቀለህ መሙላት ከባድ ነገር የሆነው። ከውጭ ለሚያያት የአባባ ጥይትና የፈረንሳይ ፋብሪካ ጥይት አንድ ናቸው። ውስጧን የሚያውቀው የሞላት ሰው ብቻ ነው። ገንዘብን በኩራዝ ብርሃን ከመሥራት በምን ይለያል? ታማኝ እጅ ከሆነ ጥይት ነው፤ ካልሆነ የሚያጋልጠው የለም፣ ቃታ እስከሚሳብባት ቅጽበት ድረስ።

አንድ ዓይነትነትን ሳስብ ዐፄ ቴዎድሮስን ማለፍ አልችልም፤ የተነሡበት ቋራ ከእኛ ወረዳ ማዶ ነው። በ1840 ዓ.ም. ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ሠራዊታቸውን ሲያጭደው አይተዋል። ከዚያች ቀን በኋላ ልባቸው በመድፍ ተያዘ። ለወንጌል የመጡትን የባዝል ሚስዮናውያን፣ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ አሠሯቸው። የመጨረሻው ሴቫስቶፖል ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተቆረጠ፣ ሰው እየጎተተ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

እዚያ ማዶ ሊወጋቸው ከባሕር የሚወጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መድፍም ዝሆንም ነበረው። ለእኔ ግን ወሳኟ ዕቃ በወታደሩ ኮሮጆ ውስጥ ነበረች፤ የስናይደር ጥይት። ዉልዊች የሚገኘው የእንግሊዝ ቤተ ሙከራ አለቃ ኮሎኔል ቦክሰር ያበጃት፣ ከስስ ናስ የተጠቀለለች፣ በሺህ በሺህ ተሠርታ አንዷ ከሌላዪቱ የማትለይ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ከአፈሙዙ የሚጎረሰውን ጠመንጃ የያዘው የእኛ ሰው አንድ ጊዜ ጎርሶ እስኪተኩስ፣ ባለ ስናይደሩ ደጋግሞ ተኩሷል። ከእኛ ወገን የወደቀው ወደ 700 ይገመታል። ከዚያ በኋላ ስናይደርን «ሰናድር» አልነው፤ ያሸነፈንን ዕቃ ስም አልምደን ማስቀረት እናውቅበታለን።

ቴዎድሮስን ልወቅሳቸው አይደለም። ደባርቂ ላይ ዓይን የሚሞላው መድፍ ነበርና የፈለጉት እሱን ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ትልቁን ነገር አንድ ጊዜ መሥራት ንጉሥ ሊያዝዘው ይችላል፤ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ናስ ተለቅሞ፣ በጩኸት ይፈጸማል። ትንሿን ነገር አሥር ሺህ ጊዜ ሳያዛንፉ መሥራት ግን ትእዛዝ አይበቃውም፤ ቀን ተሌት የሚለካ፣ የማይታክት፣ የተከበረ እጅ ይሻል። እኛ ዘንድ ብረት የሚነካ እጅ አልተከበረም። ጎንደር ወለቃ የነበሩ ቤተ እስራኤል ማረሻችንን ሲቀጠቅጡልን «ቡዳ» ብለን ጀርባ የሰጠን እኛው ነን። ጥይት የሚይዘው ጀግና፣ ጥይት ሊሠራ ይችል የነበረው ደግሞ የሚያስፈራ ሰው ሆነ። ሚስዮናዊ ከባዝል ድረስ መጥቶ መድፍ ያፈሰሰው፣ ቀጥቃጭ ጠፍቶ ይመስላችኋል?

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አንድ ነገር ያስገረመኝ አለ፤ ቦክሰር እንግሊዛዊ ሳለ የእሱ ዓይነት መለኮሻ ዛሬ የአሜሪካ ሆኗል፤ በርዳን የሚባለው አሜሪካዊ ያወጣው ደግሞ የአውሮፓና የምሥራቁ የጦር ጥይት ሆኗል። የቦክሰሩ ቀለህ ከታች አንዲት መካከለኛ ቀዳዳ ስላላት ያረጀው መለኮሻ በቀጭን ብረት ተገፍቶ ይወጣል፤ ለመታደስ የተሠራች ናት። የበርዳኑ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላላት በቀላሉ አይሆንም። ወደ እኛ የመጣው ጥይት፣ የክላሹ ጭምር፣ በአብዛኛው የበርዳኑ ነው፤ የክላሹም ቀለህ ብዙውን ጊዜ ናስ እንኳ ሳይሆን ብረት ነው። እንግዲህ ልጁ የሚሠራበት አገር ቀለህ እንድትመለስ ተደርጋ ትሠራለች፤ ወደ እኛ የምትመጣው አንድ ጊዜ ጮኻ እንድትጣል ነው። የጣሊያን ዘመኑ ሰው ይህን ሁሉ ተቃውሞ በኩራዝ ሲሞላ ማደሩ አሁን ነው በደንብ የገባኝ። ዛሬማ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የታጠረ ነው፤ ያለ ፈቃድ ጥይት እሠራለሁ ቢሉ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው፣ ተገቢም ነው።

ይህን ስጽፍ ያለሁት አይከል መሆኔን መርሳት አልችልም። ባለፉት ዓመታት እዚህ የተኩስ ድምፅ የሰማ ጆሮ ጥይትን እንደ ሰዓት ሠሪ ዕቃ ብቻ ሊያደንቃት አይሆንለትም። አንድ ዓይነትነት ገበያ ላይ በጎ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሌላ መልክ አለው። ከደጃፌ በሚያልፈው በዚሁ መንገድ ጫፍ፣ መተማ ላይ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጥይት ተመትተው ወድቀዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ የማረከው ረሚንግተን ነበረው። ደርቡሹም ሱዳን ውስጥ ከዚያው ከግብፅ ጦር የማረከው ረሚንግተን ነበረው። በሁለቱ ወገን ዝናር ውስጥ መንትያ ጥይቶች ተሰካክተው ነበር። ንጉሡን የመታችው ከቀሪዎቹ በምን ትለይ ነበር? በምንም።

ባለ ብዙ ቤቱን ማሽን በፊልም ሳየው የታየኝ ይኸው ነው። እጀታው ሲወርድ አንዲት፣ ሲወርድ ሌላ፤ ሰውየው እየሳቀ ከጓደኛው ጋር ያወራል። ማሽኑ መጥፎ ነው አልልም። ውድድር የሚተኩስ፣ በወር ሺህ የሚጨርስ ሰው ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም፤ በጥንቃቄም ከተያዘ ልኩን አይስትም። የሚገርመው ግን፣ ከሁሉ ይልቅ አንድ ዓይነት ጥይት የሚፈልጉት፣ አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ካላሳለፍን የሚሉት የኢላማ ተወዳዳሪዎች፣ ከፈጣኑ ማሽን ሸሽተው በእጅ ወደሚጫን ትንሽ መሣሪያ የሚመለሱ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎው ያቋቋመው አይዲያል የሚባለው ኩባንያ ለአዳኝ ይሸጥለት የነበረውም ከጉጠት ብዙ የማይለይ የእጅ መሣሪያ ነበር፤ ውጅግራ ወደ እኛ ይጎርፍ በነበረበት ዘመን ገደማ። ስለዚህ ፍጹም መንትያነት የሚገኘው ከፍጥነት አይደለም። አንዷን አንሥቶ፣ አይቶ፣ መዝኖ፣ አስቀምጦ ሌላዋን ከማንሣት ነው። ለማመሳሰል መጀመሪያ እያንዳንዷን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጠመዘዛል። ቀለህ የሚሞሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ማስተካከል አላቸው። አንዱ ቀለህን ከላይ እስከ ታች ይጨምቃታል፤ ወደ ማንኛውም ጠመንጃ ትገባለች፣ የት እንደነበረች ግን ትረሳለች። ሌላው አንገቷን ብቻ ነክቶ ሰውነቷን ይተዋል፤ የተተኮሰችበትን ቤት ልክ ይዛ ትቆያለች፣ ስለዚህም ለዚያ ለአንዱ ጠመንጃ ብቻ ትሆናለች። እየተጨመቀች የምትኖር ናስ ደግሞ ትደርቃለች፤ በእሳት ካላለሰለሷት አንድ ቀን አንገቷ ይሰነጠቃል። ለሁሉ የምትሆነው ቶሎ ትደክማለች፤ ለአንዱ የምትሆነው ረጅም ትኖራለች።

በሳምንቱ ደወለ። «ባለ አንድ ቤቱን ግዛ» አልሁት። «ሃምሳ ሞልተህ ዕረፍ። ስልክ አታውራበት። ጠመንጃህ አንድ ከሆነም አንገቷን ብቻ ንካት።»

ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼን ያህል የት ተማሩት?»

«ከአንተው ፊልም።»

ጥቂት ዝም አለና ሌላ ነገር ጠየቀኝ፤ እናቱ ዘንድ ካሉት ከአባባ ቀለሆች አንዲቷን ብልክለት። ጠረጴዛው ላይ አኖራታለሁ አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ልኳ ከተገኘ አንድ ጊዜ ሞልቼ አያት ነበር፣ ብሎ ጨመረ።

በማግስቱ እትዬ ቤት ሄድሁ። ኩሉን ከመደቡ ሥር ከሙዳይ አወጡልኝ። ሁለቱም ቀለሆች የእንጨት ውታፍ አላቸው፤ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷልና በጣታቸው ነው የሚለዩዋቸው። እኔ አቀያይሬ ልወትፋቸው ስሞክር እምቢ አለኝ፤ የአንደኛዋ ውታፍ ለሌላዋ ይሰፋታል።

«እሱ የዚያችኛዋ ነው» አሉኝ ተቀብለው። «ይቺ የአባቴ ናት። ያቺ የጎረቤት ናት፣ ከሌላ ጠመንጃ የወጣች። አንድ አይደሉም እኮ።»

የልጃቸውን መልእክት ነገርኋቸው። ቀለሂቱን በመዳፋቸው አገላበጧት፤ ጠርዟ በጣት ብዛት ተወልውሎ ወርቅ መስሏል።

«ምን ሊያደርጋት?»

«ሊሞላት ነው እትዬ።»

ውታፉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ሞልታለች በለው» አሉኝ።